አንድ ጣት የጎደለው ስንዝር

አናጢውን የሰደበው የእንጨት ቤቱ አለቃ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል፣ ቦታው መላጊያው ማሽን አጠገብ። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ከስድስቱ አራቱ ሳቁ። ሁለቱ አዝነውለት እንዳይመስላችሁ። አንዱ ማሽኑ እየጮኸበት አልሰማም፤ ሌላው አፉ ውስጥ ሚስማር ይዞ ነበር።

«ሜትር ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ጀልባ ልሥራ ይላል!» ነበር ያለው አለቃው።

እውነቱን ለመናገር ሜትሩ ራሱ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ተቆርጦ የወደቀ ነበር። ግን ማን ይስማ! አናጢው መጋዙን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ወጣ። ከዚያች ቀን ወዲህ እጁ ሜትር ነክቶ አያውቅም። እልኸኛ ነው። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠውም አንድ አስተማሪ በተማሪ ፊት «አንተ እንኳ የመጣኸው ወንበር ልታሞቅ ነው» ስላለው ነው። የዚያን አስተማሪ የኮት ቁልፍ ቀለም እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ጀልባው ግን ከጭንቅላቱ አልወጣም። ሐይቁ ያለው ከመንገዱ በታች፣ ገደል ውስጥ ነው። የእንጨት ጀልባ እዚያ ለማውረድ ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ ለማውጣት ደግሞ ስምንት ሰውና ብዙ እርግማን። ስለዚህ ዓሣ አጥማጆቹ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው መረብ ይጥላሉ፤ ትልልቁ ዓሣ መሐል ላይ ሆኖ ይታዘባቸዋል። አናጢው ያሰበው ሁለት ሰው በትከሻው ይዞት የሚወርድ፣ የቀዱት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተገጣጥሞ የሚያልቅ ጀልባ ነው። ሰባት የጎን አጥንት ከስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ ጫፍ ለጫፍ የሚያያዙ ቀጫጭን እንጨቶች። ሚስማር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በሽብልቅና በገመድ ይጠብቃል። ላዩ ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ ሸራ። እንጨቱን እሱ ይችላል፤ ሸራውን አይችልም።

እሷን ያገኛትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሸራ ሰፊዋ ከአክስቷ ጋር የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን ትሰፋለች። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግማሹ ሸራ ሁልጊዜ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። አናጢው ሲመጣ ረግጦት ገባ።

«ወንድሜ፣ የረገጥከው የሰው ጣራ ነው» አለችው ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል።

ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ሌላውን ረገጠ። ሳቀች። ቀልድ ይሁን ስድብ አልለይ አለው።

ልኩን የጻፈበትን ወረቀት ሰጣት። አየችው፤ ገልብጣም አየችው።

«ርዝመቱ ሃያ ስንዝር?»

«ሃያ።»

«የማን ስንዝር?»

«የእኔ ነዋ!»

«እንግዲያው እጅህን ተውልኝና ሂድ፤ ሥራው ሲያልቅ መጥተህ ትወስደዋለህ።»

አክስትየዋ ከጥግ በኩል በሳቅ ፍርፍር አለች። የአናጢው ፊት ጋለ። የሚመልሰውን ሲፈልግ ልጅቷ ካርቶን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የእጁን አንጓ ይዛ መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳረፈችው። ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቱ ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ጣቶቿ በሰም ክር የሻከሩ ነበሩ። ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። የጣራውን ማገሮች ቆጠረ፣ የስፌት መኪናውን መዘውር አየ፣ በመጨረሻ ማየት የሌለበትን ዓይኗን አየ። እሷም አየችው። ሁለቱም መርፌ እንደወደቀበት ሰው አቀረቀሩ።

«በቃ» አለች። እጁን ግን ወዲያው አልለቀቀችውም።

ወይም እንደዚያ መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስቸገረው ይኸው ነው፤ የሆነውን ከመሰለው መለየት።

የጀልባውን አጽም በትከሻው ተሸክሞ አመጣና ግቢያቸው ውስጥ ገጣጠመው። በማግስቱ ገመድ ላጥብቅ ብሎ መጣ። ከዚያ ሽብልቅ ልቀይር ብሎ መጣ። ከዚያ ምክንያት አለቀበትና ዝም ብሎ መጣ።

«አንተ ልጅ» አለችው አክስትየዋ፣ «የምትመላለሰው ለሸራው ነው ወይስ ለሰፊዋ?»

«ለጀልባው ነው እማማ።»

«ይስማህ ጀልባው!»

አንድ ቀን ሸራ ሰፊዋ የአጽሙን አንድ ጫፍ በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ ተገረመች። «ምን ይቀላል እቴ! ልክ እንደ ባለቤቱ!» አለች።

ይህን ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ሲያመነዥክ ሰነበተ። ቀላል ሰው ማለት እኮ ሁለት መንገድ አለው። የማይከብድ፣ አብረውት ቢውሉ የማይሰለች ማለት ነው። ደግሞ ሚዛን የማይደፋ፣ ነፋስ የሚወስደው ማለትም ነው። ፊቷን አስታውሶ ሊፈርድ ፈለገ፤ ፊቷ በሐሳቡ በመጣ ቁጥር ፍርዱን ረስቶ ፊቷን ብቻ ሲያይ ይቀራል።

ረቡዕ ዕለት አክስትየዋ በር ላይ ያዘችው። «ልጄን እንዴት አየሃት?»

«ጎበዝ ሰፊ ናት።»

«ስለ ስፌቷ ማን ጠየቀህ! አንተስ ከእንጨቱ የባስክ ነህ። ግድ የለም፣ እኔ አናግራታለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት መልሷን ሊሰማ ማልዶ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አናጢው አጭር ነው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ሰዎች ናቸው ሁልጊዜ የሚነግሩት። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ ድምፃቸው ይሰማል።

«ሞከርኩት አክስቴ፤ ብዙ ሞከርኩት። አይገጥምም።»

«ለምን ሲባል?»

«አጭር ነዋ! ምን ላድርገው?»

«ተይው እንግዲህ። ሌላ ይፈለጋል።»

አናጢው በቆመበት ደረቀ። ከአለቃው እንኳ እንዲህ ያለ አልሰማም። በሩን በርግዶ ሲገባ ሸራው አጽሙ ላይ ተስቦ፣ አፍንጫው ጋ ስንዝር ተኩል ቀርቶት፣ እንደ አጭር ሱሪ ተንጠልጥሎ ነበር። በግልጽ ይታያል። ሰው ሲናደድ ግን ዓይኑ ለጌጥ ነው። ሸራውን ገፎ ጣለው፤ ሽብልቆቹን በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ማስለቀቅ ጀመረ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሸራ ሰፊዋ። «ቆይ እንጂ፣ ላስረዳህ!»

«ገብቶኛል።»

«ምኑ ነው የገባህ? እኔ ራሴ አልገባኝም እኮ!»

«ሌላ ይፈለግልሽ!»

«ሌላ ምን?»

እንጨቱን ጠቅልሎ አሰረ። ጀልባው ስምንት ሰው የሚሸከመው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሰባቱ እስኪመጡ ድረስ ነገሩ ይፈታ ነበር። ነገር ግን ለመገጣጠም ሻይ እስኪቀዘቅዝ፣ ለመፍታት የዚያ ግማሽ ነው። በዚያች ቀን ጎበዝ መሆኑ ጎዳው። እሷ «ኧረ በፈጠረህ!» እያለች በር ድረስ ስትከተለው እሱ መንገዱን ተሻግሮ ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። አናጢው ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ አጥማጆቹ ዳስ የመቅዘፊያ መያዣ እየጠገነ ተቀመጠ። ጀልባውን ላስቲክ አልብሶ ሞከረው፤ ከዳር ሃያ እርምጃ እንደሄደ ላስቲኩ ተተረተረ። እየዋኘ ሲወጣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ «አይዞህ ልጄ፣ ከኛ ይልቅ ወደ ዓሣው የቀረብከው አንተ ነህ» አሉት። ይህንንም በልቡ ከስድቦቹ ጋር መዘገበ፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር።

እሷን ረስቻለሁ ይል ነበር። ነገር ግን ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው ባየ ቁጥር መዶሻው አየር ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እውነትም ወረደች። በትከሻዋ የተጠቀለለ ሸራ፣ በብብቷ ካርቶን ይዛለች። ፊቷ በላብ ርሷል። ሽማግሌው አይተው «ዕቃ ረሳሁ» ብለው ተነሡ፤ ምንም ዕቃ አልነበራቸውም።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

«ሰላምታ አይቀድምም? ደህና ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም። ሦስት ወር ሙሉ ሳሰላስል አእምሮዬን ልስት ነው። እጅህን አምጣ።»

ካርቶኑን የተገለበጠ ቅርጫት ላይ አኖረች። ምልክቶቹ አሁንም ይታያሉ። አናጢው ግራ እየተጋባ መዳፉን ዘረጋ። አውራ ጣቱ ከመነሻው ምልክት ላይ ተቀመጠ፤ ትንሿ ጣቱ ግን ከመድረሻው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፋ ወጣች።

«አየህ?» አለች። «የቆረጥኩትን መልሼ ቆጠርኩ፤ ሃያ ነው። ወረቀትህ ሃያ ይላል። ሸራው ግን ስንዝር ተኩል አጠረ። ታዲያ የሚዋሸው ማነው አልኩ፤ ካርቶኑ! አንተ እንጨቱን ስትለካ እጅህን በደንብ ዘርግተሃል። እኔ ስይዘው ግን ሰበሰብከው።»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! በየስንዝሩ አንድ ጣት።»

ውሃው የዳሱን ምሰሶ መታ መታ ያደርጋል።

«አጭር ነው ያልሽው...» አለ አናጢው ቀስ ብሎ።

«ሸራውን ነዋ! ሌላ ምን አጭር ነገር አለ?» አለችና ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ የገባት መሰለ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ውይ አንተ! ለካ በዚህ ነው?»

ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳቁ ይሁን ሌላ አልታወቀም። አናጢው የሚገባበት ጠፋው። ሦስት ወር የተሸከመው ቂም ባለቤት የለውም። ማንም አልሰደበውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞት ስለማያውቅ የሚደረገውን አያውቅም፤ ሸክሙን ከጀርባው ያወረዱለት ሰው ሚዛኑ እንደሚጠፋ ሁሉ ተንገዳገደ።

«ስንዝር ተኩሉን ጨምሬበታለሁ» አለች እያበሰች። «ተነሥ፣ እናልብሰው።»

ገጣጠሙት። እሱ ሽብልቅ ሲመታ እሷ ገመድ ትስባለች፤ ሰባቱ አጥንቶች አንድ በአንድ ቆሙ። ሸራው ከኋላ ጀምሮ እየተንሸራተተ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ጥብቅ አለ፤ በጣቷ ስትመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሽማግሌው ከሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ጋር ብቅ አሉ። አናጢውና ሸራ ሰፊዋ ጀልባውን ብድግ አድርገው ውሃው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው እሷ ከፊት ገባች፤ እሱ ከኋላ ቀዘፈ።

ሃያ እርምጃው አለፈ። መቶ አለፈ። ትልልቁ ዓሣ ያለበት መሐል ደረሱ። ከዳር የሰው ፉጨት ይሰማል። ከሸራው በታች ያለው ውሃ እግራቸውን በቀስታ እየገፋ ይተነፍሳል።

«ውሃ ገባብሽ?» አላት።

«አንድ ጠብታም።» ዞር ሳትል ጨመረች፤ «ምን ይቀላል እቴ።»

በዚህ ጊዜ የትኛውን ማለቷ ነው ብሎ ራሱን አልጠየቀም። ማጅራቷን፣ ከነጠላዋ ያመለጠች አንዲት የፀጉር ዘለላዋን ሲያይ የቀዘፋውን ቁጥር ረሳ። ጀልባው ክብ ሠርቶ ዞረ።

«ወዴት እየወሰድከኝ ነው?»

«እኔም አላውቅም።»

ወደ ዳር ሲመለሱ ሽማግሌው ጀልባውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ልጄ፣ ይሄን ያሰበ ጭንቅላት አይታማም» አሉ። አናጢው ከስድብ ጋር ሊመዘግበው ሲል ስድብ አለመሆኑን አስተዋለና ቃሉን የሚያኖርበት ቦታ አጣ።

ሰዎቹ ጀልባውን ለመሞከር ሲሻሙ እሷ ወደ ጎን ወሰደችው። ባዶ እግራቸውን አሸዋው ላይ ቆሙ። አሁን አትስቅም።

«ስማኝ» አለች። «ከተራራው ማዶ ያለው ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ የሚፈልጉ አሉ። ከነገ ወዲያ ጠዋት በአክስቴ ደንበኛ መኪና እሄዳለሁ። ብዙ እቆያለሁ፤ ምናልባትም ቤት እይዛለሁ። ጋቢናው ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ አለ።»

«አናጢ ፈልገሽ ነው?»

«አናጢማ እዚያም ሞልቷል።» ትንፋሿን ዋጠች። «ይሄ ቀልድ አይደለም። እኔ ስናገር ምን እንደሚሰማህ አላውቅም፤ ስለዚህ አንዴ በግልጽ ልበለው። አንተን ነው የምፈልገው። አብረን እንሂድ፤ አብረን እንኑር። ትመጣለህ?»

አናጢው አፉን ከፈተ። ለአለቃው የሚሆን መልስ ነበረው፣ ከየማዕዘኑ የተሳለ። ለአስተማሪው የሚሆንም ነበረው። ቢሰድቡት ኖሮ ያንበለብለው ነበር። ይህች ልጅ ግን ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ከከንፈሩ የምትጠብቀው «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ቃሏን ያውቃታል። ነገር ግን ለስድብ እንጂ ለደግ ቃል መልስ አዘጋጅቶ አያውቅም።

«መልስ እንጂ» አለች በዝግታ። «እምቢ ማለትም ይቻላል።»

እምቢ አይደለም። ይህንም ሊነግራት ፈለገ። ጎንበስ አለና ጫማውን አነሣ፤ አንዱን ጥሎ እንደገና አነሣው። አያት። ከዚያ፣ እግሩ ያለ እሱ ፈቃድ የወሰነ ይመስል፣ ጀርባውን ሰጣትና ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ፣ አንድም ቃል ሳይመልስ፣ ዳገቱን ተያያዘው።