ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ቀበቶ

ልበ ፀሐይ የተሰረቀው በቀትር፣ የዘርማት ሕዝብ ሁሉ አንጋጦ እያየ ነበር። ዱርጋን የሚሉት ክንፋም አውሬ ከደመና ወርዶ ዕንቁውን ከቤተ መንግሥቱ ማማ ላይ በጥፍሩ ነቅሎ ሲሄድ፣ በሜዳው ያለው የስንዴ ዛላ በሙሉ በአንድ ጊዜ አንገቱን ደፋ። ልበ ፀሐይ ከማማው ላይ ካላበራ በዘርማት እህል አይበስልም።

ዱርጋን ዕውር ነው። የሚያድነው የልብ ምት እያዳመጠ ነው። አንድ ልብ ያለውን ሰው ይዘነጥላል፤ ሁለት ልብ የሚመታባትን ሴት ግን አይነካም። ስለዚህ ዕንቁው በተሰረቀ ቁጥር ወደ ሰንጥር ገደል የምትላከው ነፍሰ ጡር ናት። ዘርማት ይህን ክብር ይለዋል። መዝሙርም አውጥቶለታል፤ ዘማሪዎቹ በሙሉ ወንዶች ናቸው።

ሰልሚት በሃያ ሁለት ዓመቷ ከገደል ወጪዎች ሁሉ የላቀች ነበረች። ባሏ በድንበር ጦር ውስጥ ነው፤ እርግዝናዋ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። የዚያኑ ዕለት የቀበቶው ሹም ቤቷ መጣ። ሕጉ አጭር ነው። ከመጀመሪያዋ ገደል ወጪ ከናርዳ ዘመን ጀምሮ ሲወራረስ የመጣ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ቀበቶ አለ። ቀበቶው በወገቧ ላይ እስከተቆለፈ ድረስ ነፍሰ ጡሯ ትወጣለች፤ አልቆለፍ ሲል ታቆማለች። ሹሙ ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ቆለፈና ለጸሐፊው «ሁለት ይቀራታል» አለ።

ለእሷ ምንም አላላትም። ካለፉት ዐሥር ቀናት ወዲህ ወደ ላይ ስታንጋጥጥ እንደሚያዞራት፣ አለት ላይ ስትለጠፍም ሆዷ ወደ ኋላ እንደሚገፋት ልትነግረው ፈልጋ ነበር። አልነገረችውም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መሄዱንም ፈልጋዋለች። በአምስተኛ ወሯ እንደ ዋልያ ስትዘል የነበረች ሴት፣ «አልችልም» የሚለው ቃል ከአፏ የሚወጣ አልመሰላትም። በንጉሥ አዝማረን ፊት ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች።

«በናርዳ ቀበቶ እምላለሁ። ቀበቶው እስከተቆለፈ ድረስ እጄ አለቱን አይለቅም።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛው አባ ጎርፋ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ቆዳ ሠሪና ገመድ ያዥ፣ እናቷ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ከዚያው ገደል ሳትመለስ ስትቀር ሰልሚትን ያሳደጋት ሽማግሌ። ሁለተኛዋ አዋላጇ እማ ዋሪት ነበረች፤ ጉልበቷ የደከመ፣ ምላሷ ግን የሰላ። ሦስት ቀን ሙሉ በጎርፋ ላይ ስታላግጥ ሄደች።

«ቀስ በል እንጂ ጎርፋ፤ ሆድ የገፋው የእሷ ብቻ ነው እንዴ? ያንተስ መቼ ነው የሚወለደው?»

ሌላ ጊዜ መልስ የማያጣው ጎርፋ ገመዱን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛውሮ መንገዱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ሥር ካለው ጫካ ገቡ። የዚያ ጫካ ዛፎች በአካባቢው የሞተን ሰው የመጨረሻ ቃል ይዘው ያስቀራሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው ይናገሩታል። ጎርፋ ጆሯቸውን በሰም እንዲደፍኑ ለመናቸው፤ የሙታን ድምፅ ለእርጉዝ አይበጅም አለ። ሰልሚት ደፈነች። መንገድ ላይ ግን አንዱን ሰም ላቧ አሟለጨውና ወደቀ።

«ሆዴ ገፋኝ» አለ አንድ የዝግባ ዛፍ፣ በእናቷ ድምፅ።

ሰልሚት ደርቃ ቀረች። እናቷን የቀጠፋት ዱርጋን ነው ተብሎ ነበር የተዘመረው። ዞራ ጎርፋን አየችው። ጎርፋ ዐይኑን ሰበረ።

በእግር የሚኬደው እስከ ገደሉ ወገብ ድረስ ነው፤ የዱርጋን ጆሮም ከዚያ በታች ያለን ልብ አይሰማም። እዚያ ባለው ሰፊ እርከን ላይ የናርዳ መቃብር አለ። የአውሬው ክንፍ መትቶት ይሆናል፣ የመቃብሩ ክዳን ለሁለት ተሰንጥቋል። ሰልሚት ጎንበስ ብላ አየች። ናርዳ የተቀበረችው የዚሁኑ ቀበቶ አምሳያ ታጥቃ ኖሯል። ሰልሚት ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። አምስት ናቸው።

የራሷን ፈትታ ከጎኑ ዘረጋችው። አምስቱ ቀዳዳዎች ክብ ናቸው። የቀሩት አራቱ ግን ማዕዘን አላቸው። በዘርማት የወስፌው ጫፍ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ቆዳ ሠሪ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ወስፌ የተሠራ ጫማ በልጅነቷ ተጫምታለች።

«አንተ ነህ» አለችው። በሕይወቷ ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው።

ጎርፋ አልካደም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። በአምስተኛው ወር የፅንሱ ልብ ደካማ ስለሆነ ዱርጋን አንዳንዴ ሳይሰማው ይቀራል፤ ሆዱ በገፋ ቁጥር ግን ምቱ ይጎላል። ንጉሡ ይህን ከጠቢቦቻቸው ሰሙና ጎርፋን በስውር አስጠርተው አራት ቀዳዳ ጨምር አሉት። ጨመረ። እናቷ ስትላክ ቀበቶው ስምንተኛው ላይ ተቆለፈ። አውሬው አልነካትም፤ ሆዷ ነው ከአለቱ የገፋት። መዝሙሩ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔ እኮ አለሁ» አለችው እማ ዋሪት። «በየወሩ ሆዳቸውን የምዳስሰው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አትጠይቀኝም?»

ከላያቸው በአርባ ክንድ ርቀት ልበ ፀሐይ ከአውሬው ጎጆ ውስጥ ያበራል። ሰልሚት አንጋጠጠች፤ አዞራት። እጆቿ ግን መንገዱን ያውቁታል፤ ጣቶቿ ገና ሳትነካው አለቱን ይፈልጋሉ። ስንዴው አንገቱን እንደደፋ ነው። መሐላውም አለ። በሆዷ ውስጥ ልጁ ተገላበጠ።

«አቆማለሁ» አለች። ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። «ቀበቶው ይቆለፋል። እኔ ግን አቆማለሁ።»

ከዚያ ቀበቶውን ጭኗ ላይ አኑራ ተቀመጠች።

ጎርፋ ተነሥቶ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ዱርጋን እንደሚሰማው እማ ዋሪት አስጠነቀቀችው። «ይስማኝ» አለ። በሰባ ዓመቱ አርባውን ክንድ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዕንቁው በጋቢው ተጠቅልሎ በገመዱ ወረደላቸው። የገመዱ ጫፍ አብሮ ነበር፤ ሲወድቅ እነሱን እንዳይጎትት ራሱን ፈትቷል። የክንፍ ድምፅ ሲመጣ ጎርፋ ወደ ጫካው ዞረ፤ ባለ በሌለ ኃይሉም ጮኸ።

«አራቱን ቀዳዳ የበሳሁት እኔ ጎርፋ ነኝ። ያዘዙኝ ንጉሥ አዝማረን ናቸው።»

ክንፉ ሸፈነው።

ሰልሚት አላለቀሰችም። ለአሳዳጊዋ ማልቀስ እንዳለባት፣ ወይስ በእናቷ ገዳይ ላይ መፍረድ እንዳለባት አላወቀችም። ጫካውን ሲያቋርጡ ዛፎቹ ከእናቷ ቃል ጎን አዲሱን ቃል ይዘውት ነበር።

ልበ ፀሐይ ማማው ላይ ሲወጣ ስንዴው ቀና አለ። ንጉሡ ድግስ ደግሰው ለጎርፋ መዝሙር አዘዙ። ሰልሚት ቀበቶውን እግራቸው ሥር አኖረችና ያየችውንና የሰማችውን ተናገረች። ንጉሡ የሐዘን ቅዠት ነው አሉ። «ጫካው ከሦስት ቀን መንገድ አይበልጥም» አለች ለሕዝቡ። «ሄዳችሁ ስሙ።» ሕዝቡ ሄደ፤ ሰማ፤ ተመለሰ። ሲመለስ የሚዘምር አልነበረም።

ንጉሥ አዝማረን ፊታቸው አመድ መስሎ በአደባባይ ቆሙ። አራቱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ቀበቶው ወደ ናርዳ አምስት ይመለሳል ብለው በዘውዳቸው ማሉ። ሕዝቡ እፎይ አለ። ሰልሚት ግን ቀበቶውን አነሣችው።

«ናርዳ አምስቱን የበሳችው ለራሷ ወገብ ነው» አለች። «እኔ በአምስተኛው እሮጥ ነበር። ሌላዋ በሦስተኛው ትወድቅ ይሆናል። ይህ ቆዳ ስለ እኛ ምን ያውቃል?»

ከማማው ሥር ከሚነደው እሳት ውስጥ ወረወረችው።

የቀበቶው ሹም ክው አለ። ባዶ እጁን እያየ፣ እንግዲህ ቀበቶ ከሌለ ሴቲቱ መቼ ማቆም እንዳለባት በምን እናውቃለን ሲል ጠየቀ። የጠየቀው ከልቡ ነበር። ከዛፉም፣ ከመቃብሩም፣ ከጎርፋም ይልቅ ሰልሚትን ያስደነገጣት ይህ ነው።

«ጠይቋታ» አለችው።