የቀኙ ፈረስ እንባ

«ፈረስ አያለቅስም! ስንቴ ልንገርሽ?»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ላብ ነው?» ልጅቷ የአባቷን ስልክ ወንድሟ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። ፎቶው ላይ ከፈረሱ ዓይን እስከ ጉንጩ የወረደ እርጥብ መስመር ይታያል። ነገ በሳይንስ ክበብ የምታቀርበው እሱን ነው። የክበቡ ሰብሳቢ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ «የሚያለቅስ ፈረስ ታያላችሁ!» እያለች ክፍል ለክፍል አውርታለች።

አባታቸው ጋሪ ነጂ ነው። ሁለቱ ፈረሶቹ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሲጎትቱ ኖረው፣ የግራው ባለፈው ሳምንት በቁርጠት ሞተ።

«እሺ፣ ሐኪሙ ይፍረዱን» አለ ወንድሟ።

አባታቸው ያስጠራቸው የእንስሳት ሐኪም መጥተው የቀረውን ፈረስ ዓይን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጨው ያለበት ውሃ ገፉበት። ፈረሱ አነጠሰና ሁሉንም አረጠባቸው።

«የእንባ መውረጃው ተደፍኖ ነው፣ የኔ ልጅ። ብናኝ ገብቶበት።»

«አላልኩሽም? አልቃሻዋ አንቺ ነሽ!»

ልጅቷ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ግን ሐኪም፣ ጭራሽ አያዝኑም ማለት ነው?»

«እሱን ማን ያውቃል? እኔ የማውቀው እንባው የሐዘን እንዳልሆነ ነው። የምትመግቢው አንቺ አይደለሽ? ሌላ ምን አየሽበት?»

ልጅቷ ግርግሙን አየች። ጠዋት እጇ ለምዶባት ዛሬም የሁለት ፈረስ ድርቆሽ አስቀምጣለች። የቀኙ ሙልጭ ብሎ ተበልቷል። የግራው እንዳለ ነው። ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ የግራው ከሞተ ጀምሮ ሰባቱንም ቀን። ገመዱ ረጅም ነው፣ አንገቱን ቢዘረጋ ይደርስ ነበር።

«ልምድ ነዋ!» አለ ወንድሟ። «የሱ ቦታ አይደለም።»

«እኔም እኮ የሁለት የማስቀምጠው በልምድ ነው» አለች። «ግን ባዶውን ቦታ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።»

አባትየው የፈረሱን አንገት እየደባበሰ፣ «ተዉ አሁን፤ ብቻ ይብላልኝ» አለ።

ልጅቷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ፈረሱ አለቀሰ» የሚለውን ርዕስ ሰረዘች። ከሥሩ ጻፈች፦ «እንባው ከመውረጃው መደፈን የመጣ ነው። የጓደኛውን ድርቆሽ ግን ሰባት ቀን አልነካም። ለምን?»

ሦስቱ ስለ አዲስ ፈረስ መጨቃጨቅ ጀምረዋል። ሐኪሙ ሽማግሌ ይሻላል ይላሉ፣ ወንድሟ ጎረምሳ። ልጅቷ ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ሰብሳቢዋ ፈረሱ እንዳላለቀሰ ዛሬውኑ መስማት አለባት፤ ቤቷ ለመድረስ ሁለት መንገድ መሻገር ብቻ ነው። የግቢውን በር ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች።