የመረጠችው ሽማግሌ

አሚሩ የሰሜኑን ምሽግ ሊወጋ ክተት ባወጀበት ዓመት፣ በረጀብ ወር መባቻ፣ ከተማዋ ቆዳ ቆዳ ትሸት ነበር፤ የፈረሰኛው ኮርቻ ሁሉ ጦሩ ሳይነሳ ተሰፍቶ ማለቅ ነበረበትና። የኮርቻ ሰፊዎቹ አለቃ በቤተ መንግሥት የተከበረ፣ በቤቱ ግን ግፈኛ ሰው ነበር። ሚስቱን ሁለት ጊዜ ፈታት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዒዳዋ፣ ማለትም ፈት ሴት ሌላ ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ ሊያልቅ ሲል በምስክር ፊት «መልሻታለሁ» አለ። ሦስተኛ ቢፈታት መመለስ እንደማይችል ስለሚያውቅ፣ መፍታቱን ትቶ ሁለተኛ ሚስቱ ዘንድ ሰፈረ፤ ቀለብና ልብስም ነሳት። ባለትዳር እንዳትባል ባል የላትም፤ ፈት እንዳትባል ሌላ ማግባት አትችልም።

እሷም ቃዲው ፊት ቀረበች።

«ወይ እንደ ሰው ያኑረኝ፣ ወይ ይልቀቀኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«አልፈታኋትም፤ ቤቷ አለ፤» አለ ባል።

ቃዲው ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «እንግዲህ ከሱ ወገን አንድ፣ ከሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ይቀመጥ። ሁለቱ በአንድ ቃል ይፈታ ካሉ ይፈታል። አንቺ ማንን ትመርጫለሽ? የእናትሽ ወንድም ደፋር ሰው ናቸው ይባላል።»

«የአባቴ ወንድም ይሁኑልኝ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

አጎትዬው ቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ቆዳቸውን የሚገዛው ደግሞ ይኸው ባሏ ነበር። ይህን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ግን ያሳደገኝ ሰው ይሸጠኛል ብሎ ማን ያስባል?

ሽማግሌዎቹ ተማክረው ወጡ። ቀድሞ የተናገረው የባል ታላቅ ወንድም ነበር።

«ወንድሜ በድሏታል። ይፍታት።»

ሰው ሁሉ ወደ አጎትዬው ዞረ፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ትዳር መቻል ነው። ትታገስ።»

ውሻ በበላበት ይጮሃል የሚሉት እውነት ነው።

«ቃላችሁ ካልተስማማ ትዳሩ ባለበት ይጸናል፤» አሉ ቃዲው። «ሌላ ሽማግሌ ከዘመቻው መልስ እንሰይማለን።»

በር ላይ አጎቷን ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ ምን አደረግሁዎት?»

«የማበላቸው ልጆች አሉኝ፣ የኔ ልጅ።»

«እኔስ ልጅዎ አልነበርኩም?»



ምሽጉ ወደቀ፤ ቃዲው ከዘመቻው አልተመለሱም፤ የተተኩትም አዲስ ቃዲ የቀድሞውን ሙግት እንደ አዲስ አናይም አሉ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ስለ ድሉና ስለ ፈረሰኛው ኮርቻ ማማር ብዙ አትተዋል፤ ሟቹንም ቃዲ «ትዳር የማያፈርስ» ብለው አመስግነዋቸዋል። ስለ ሴትዮዋ የጻፈ የለም። ባሏ እስኪሞት ድረስ ደጇን ሳይረግጥ ኖረ፤ የሞተ ዕለት ግን ሚስቱ ናትና ሐዘን እንድትቀመጥለት ታዘዘች፤ ተቀመጠች።