እመት ዛሂላ የቆሙበት ድንጋይ

በሸምራን ምድር ምንጮች ሁሉ በአንዲት ጀምበር ነጠፉ። እንስራ የያዘ ሁሉ ክው ብሎ ቀረ። የቤተ መንግሥቱ ነቢይም «ጉርማ ተራራ የምንጮቹን ዕንቁ ሰርቆ ውጧል! በሰባት ቀን ካልተመለሰ ሸምራን በጥም አለቀች!» ሲል ተናገረ።

ወጣቱ ዘርማት ጎራዴውን ስሞ «ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ የእናቴ ጡት እርም ይሁንብኝ!» ብሎ ማለ። ጓዱን ቦርጋንን አስከተለ። ነቢዩ ሦስተኛ አድርጎ የሰጠው ግን ማንን መሰላችሁ? የሰባ ዓመቷን እመት ዛሂላን! ማለዳ ማለዳ ከእኩዮቻቸው ጋር ቀሰስተኛ የፍልሚያ ስልት የሚለማመዱትን፣ «ክንዳቸውን አንስተው እስኪያወርዱ ባቄላ ይበስላል» የሚባልላቸውን። ዘርማት በኀፍረት አንገቱን ደፋ።

ከተራራው ሆድ ሲገቡ ችቦው ድርግም አለ። ከመጥፋቱ በፊት ከፊታቸው ያዩት ከአንድ ጫማ የማትሰፋ የድንጋይ መሻገሪያ ነበር፣ ግራ ቀኙ ገደል። ቦርጋን እንደ ጦረኛ ወግ «ዘራፍ!» ብሎ ድንጋዩን ረገጠ። ወዲያው ጩኸቱ ከታች ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ።

ወይ ጉድ! ዘርማት ዓይኑ ሲጋረድ የገዛ እግሩ የት እንዳለ ጠፋበት።

«ልጄ፣ ዓይንህን ተወው» አሉ እመት ዛሂላ። «ልምምዱን ሳልጀምር እኔም በጠራራ ፀሐይ ደጃፌ ላይ እደናቀፍ ነበር። ዛሬ ጉልበቴ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ቁርጭምጭሚቴ ወዴት እንዳዘነበለ ሳላየው አውቀዋለሁ። ትከሻዬን ያዝ፤ ጉልበቴን ሳጥፍ አንተም እጠፍ።»

ተሻገሩ። በዳበሳ ሲያገኙት ዕንቁው ከሚወዛወዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘርማት ሊያነሣው ሲል ድንጋዩ ዘመመ፤ ተራራውም አፉን ሊገጥም አጓራ። እመት ዛሂላ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ቀጥ ሲሉ ማጓራቱ ቆመ።

«እመት፣ ይውረዱ! እኔ ልቁም!»

«አንተማ ትንቀጠቀጣለህ፤ ድንጋዩ ከዘመመ ተራራው ይገጥምና ሁለታችንም እናልቃለን። ዕንቁውን ይዘህ ሂድ፣ ሕዝቡ ተጠምቷል!»

ዘርማት እያለቀሰ፣ ቁርጭምጭሚቱን እያዳመጠ ግማሽ ቀን ተጓዘ። ልክ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ተራራው ከኋላው ግጥም አለ። ዘርማት ያኔ ገባው። እመት ዛሂላ ያን ሁሉ ሰዓት ድንጋዩ ላይ ቆመው ነበር! ኮቴው ከዋሻው እስኪወጣ ድረስ ንዝረቱን በውስጥ እግራቸው ሲከታተሉት ነበር!

ዕንቁውን ፀሐይ ሲነካው ምንጮቹ ፈነዱ፤ እሱ ሲደርስ ከተማው በእልልታ ቀልጦ ነበር። ዘርማት ግን ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ እመት ዛሂላ የልጅ ልጅ ሄደና ዕንቁውን በእጇ አኖረላት።

«ያመጡት አያትሽ ናቸው» አላት። «እኔ ትከሻቸውን ይዤ ነው የተሻገርኩት።»