ያልተለጠፈው ግንብ

ጋሽ ጌጡ የሞተው ግንብ ውስጥ ነው። ግንቡ ከፓስታና ከብስኩት ካርቶን የተሠራ ነበር፤ የቆመውም በንፋስ መውጫ ከገበያው በላይ ባለው ደብር ግቢ፣ ሕፃናት መጽሐፍ ቅዱስ በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ማማ፣ በሲባጎ ወጣ ወረድ የሚል ድልድይ፣ በየግድግዳው ደግሞ የልጆቹ ስም የተጻፈባቸው ጋሻዎች ነበሩት። ለሆሳዕና ሊመረቅ ታስቦ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ መምህር እንዳልካቸው በሩን ሲከፍት ሽማግሌው ከግራው ማማ ሥር ኩርምት ብሎ፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ ስቦ ተኝቶ አገኘው። እንቅልፍ የጣለው መስሎት እንዳይቀሰቅሰው ቀስ ብሎ ሊወጣ ነበር። ከአፉ የፈሰሰውን ያየው በኋላ ነው።

ኢንስፔክተር ውባለም ስትደርስ ሳጅን ካሣሁን ገዳዩን አግኝቶ ጨርሷል። ሳጅን ካሣሁን ነገር ማሳደር የማይወድ ሰው ነው። ሐኪሙ ሬሳውን ሲያይ የአይጥ መርዝ ሳይሆን አይቀርም ብሏል፤ ወለላ የምትባል ባለሱቅ ደግሞ ከጨውና ከክብሪት ጋር የአይጥ መርዝ ትሸጣለች። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ በሰሐን የተሸፈነ ነገር ይዛ ወደ ደብሩ ስትወጣ ሰው አይቷታል። ጋሽ ጌጡ የሚኖረው ከሱቋ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ወለላ ሱቋን ለማስፋት ክፍሏን ልቀቅልኝ ማለቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለሳጅኑ ይኼ በቂ ነበር። ወለላ ጣቢያ ገብታለች፣ ሕፃን ልጇ ጎረቤት ቀርታለች፣ ዓርብ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ትላካለች ተባለ።

«ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ ነው» አለች ውባለም።

«አዎ ኢንስፔክተር። ምን ቀረን?»

ውባለም ወደ ክፍሉ ገባች። ከእስቴ ተዛውራ ከመጣች ወዲህ ነፋሱን አልለመደችውም፤ እዚህ ግን ነፋሱ አይሰማም። መስኮቶቹ በካርቶን ድንጋይ ተሸፍነው ክፍሉ ጭር ብሏል። በዚህ ዝምታ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በየምሽቱ ብቻውን ሲለጥፍ ታያት።

በጥግ በኩል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለች። ላይዋ ላይ ያለው ድስት ባዶ ነው፤ ባዶም ብቻ ሳይሆን ጎኑ ሁሉ በማንኪያ ተፍቋል። አጠገቡ ማንኪያው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቁንጥር ጨው፣ የሙጫ መቀቢያ ብሩሽም አለ። ብሩሹን በጣቷ ነካችው፤ ጠጉሩ ደረቅና ለስላሳ ነው። ወደ ቀኙ ማማ ሄደች። በልጅ እጅ የተቆረጡ ወረቀት ድንጋዮች ከሥሩ ተደርድረዋል፣ አንዳቸውም ግን አልተለጠፉም። ከግራ በኩል ቀደም ብሎ በተለጠፈው ግድግዳ ላይ የትንንሽ ጣቶች አሻራ ከነሙጫው ደርቆ ይታያል። ሙጫው የሚሠራበት የስንዴ ዱቄት ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነው። ክዳኑ ጠብቆ የሚገጥም ስለሆነ ለመክፈት ሁለት እጇን ፈለገ። ከዱቄቱ በላስቲክ ቆንጥራ ለሐኪሙ ላከች።

መምህር እንዳልካቸውን ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አነጋገረችው። ሲናገር ቶሎ ቶሎ ወደ በሩ ያይ ነበር። ግንቡ ልጆቹን አብራው የምታስተምረው የዳግማዊት ሐሳብ እንደሆነ፣ እሱ እንዳልወደደው አልደበቀም።

«የአውሮፓ ግንብ ለልጆቻችን ምን ያደርጋል አልኳት። እግዚአብሔር አምባ ነው ብዬ አስተምርበታለሁ አለችኝ። ተጨቃጨቅን። የዳኙን ጋሽ ጌጡ ናቸው፤ የማማውን አናት ልክ እንደ ጎንደር ክብ አድርገው ሲሠሩት ሁለታችንም ዝም አልን።»

«አይጥ አስቸግሯችሁ ነበር?»

«ማማውን በልቶብናል። መርዝ እናድርግ ተብሎ ነበር፤ ሕፃናት የሚውሉበት ክፍል ነው ብዬ ከለከልኩ።»

ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በዚህ ሁዳዴ እንደ ጋሽ ጌጡ የጾመ እንደሌለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም ዳቦ ሲታደል እሱ «እኔ እስከ ምሽት ነኝ» ብሎ እንደሚሄድ፣ እሱ ራሱም ጋሽ ጌጡን ለልጆቹ ምሳሌ አድርጎ እንደሚጠቅሰው አወራት።

ዳግማዊት ቀጥላ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚሁ ከተማ በመምህርነት የተቀጠረች፣ ቤተሰቦቿ አርብ ገበያ በምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚኖሩ ወጣት ናት። ዓይኗ አብጧል። የግንቡን ዲዛይን ከቴሌግራም እንዳወረደችው፣ ዱቄቱን ከእናቷ ቤት እንደምታመጣ፣ ጋሽ ጌጡ ማታ ማታ ለብቻው መሥራት ይወድ እንደነበር ነገረቻት።

«ማክሰኞ መቼ ተለያያችሁ?»

«ልጆቹን ስሸኝ ነው። መሽቷል፣ እራት ልግዛልዎት አልኳቸው። ወለላ አድርሳልኛለች አሉኝ።»

«ልጆቹ ማክሰኞ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ድንጋይ ቆረጡ።»

«አልለጠፉም?»

«አይ፤ ሙጫውን እንዳይነኩ ብያቸዋለሁ።»

«ድሮስ?»

«ድሮ... ይለጥፉ ነበር። እጃቸው እየተጨማለቀ ነው የከለከልኩት» አለችና ሻርፗን አስተካከለች።

ውባለም ከዚያ ወደ ጋሽ ጌጡ ቤት ወረደች። ጠባብ ክፍል ናት፣ ንጹሕ። ብሩሾቹ ታጥበው በቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል። ግድግዳውን ተደግፈው ባለቤት ያጡ የቆርቆሮ ማስታወቂያዎች አሉ፤ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት ይላሉ። የከተማዋን ምግብ ቤቶች ሁሉ ስም የጻፈው እሱ ነበር። ባነር የሚያትም ማሽን ከመጣ ወዲህ ግን ብሩሽ የሚፈልግ ጠፍቷል፤ ሚስቱም ከዚያ በፊት ሞታለች። ውባለም ምድጃውን ዳሰሰችው። አመድ የለውም፤ አቧራ ነው ያለው።

ጣቢያ ተመልሳ ወለላን አስጠራቻት። ወለላ አላለቀሰችም፤ ለልጇ የጎረቤቷን ስም እየጠራች አደራ ብቻ ነው የምትለው።

«ሰሐኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«እንጀራ በሽሮ። ክፍሏን ልቀቅ ካልኩት ወዲህ ከጋሼ ጋር አልተነጋገርንም ነበር፤ ሆዴ አልቻለም፤ እስቲ ልታረቀው ብዬ ነው። በር ላይ ተቀበለኝ። ዳግማዊት አሁን አበላችኝ፣ ጠግቤያለሁ አለኝ። ይዤው ተመለስኩ፣ ከልጄ ጋር በላነው።»

«ተመልሰሽ ስትመጪ ያየሽ ሰው አለ?»

«ጨልሞ ነበር። ማን ያየኛል?»

ሐኪሙ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወለ። በሆዱ ውስጥ እንጀራም ሽሮም የለም፤ ያለው በጨው የተሠራ የስንዴ ሙቅ ነው አላት። በባልዲው ዱቄት ውስጥም የአይጥ መርዝ ተገኝቷል። ከመዝጋቱ በፊትም፣ ሰውየው ለረጅም ጊዜ በቅጡ እንዳልበላ ሰውነቱ ይናገራል ብሎ ጨመረ። ውባለም ስልኩን አስቀመጠች። ብቻውን የሚኖር ሰው በላህ ወይ ሲሉት ምን ብሎ እንደሚመልስ ታውቃለች፤ እሷም ያንኑ ነው የምትለው።

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም በክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መምህር እንዳልካቸውና ዳግማዊት በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሳጅን ካሣሁን ወለላን አስከትሎ ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። ውባለም ድስቱን አንስታ አሳየቻቸው።

«ማክሰኞ ማታ በዚህ ድስት ሙጫ ተሠርቷል። ድስቱ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። ድንጋዮቹ ግን አልተለጠፉም፣ ብሩሹም ሙጫ አልነካም። ሙጫው የት ሄደ?»

በወረቀት የተጠቀለለውን ቁንጥር ገለጠችላቸው።

«ይኼ ደግሞ ጨው ነው። መምህር፣ ሙጫ ላይ ጨው ትጨምራላችሁ?»

«ኧረ ምን ሊያደርግ» አለ እንዳልካቸው፤ ወዲያው ግን የገባው ይመስል አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ጌጡ ሙጫውን በላው» አለች ውባለም። «ርቦት ነው የበላው። ቤቱ ሄጄ አይቻለሁ፤ እሳት ከነደደበት ቆይቷል። መምህር፣ ለእርስዎ እስከ ምሽት እጾማለሁ አለ። ሲመሽ ለዳግማዊት ወለላ አበላችኝ፣ ለወለላ ዳግማዊት አበላችኝ አለ። ሦስታችሁም ሌላው አብልቶታል ብላችሁ ተኛችሁ። በሌላ ወር ቢሆን አንዳችሁ በሞቴ ብላችሁ እጁን ይዛችሁ ታጎርሱት ነበር። ጾመኛን በሞቴ ማለት ግን ደግ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ተዋችሁት። እሱም እንደምትተዉት ያውቅ ነበር። ችግሩን ከጾሙ ሥር ደበቀው።»

እንዳልካቸው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ለልጆቹ ምሳሌ ያደረገው ጾም ራብ እንደነበር ሲያስበው መቀመጫው ጠበበው።

ሳጅን ካሣሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ በላ። መርዙን ማን ጨመረው?»

«መርዙ ያለው ባልዲው ውስጥ ነው ሳጅን። የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው በመምህርና በዳግማዊት እጅ ብቻ ነው፤ ጋሽ ጌጡም ማታ ሲጨርስ በሩን ስቦ ቆልፎት ነው የሚወጣው። ወለላ በር ላይ ቆማ ተመለሰች እንጂ አልገባችም። ብትመርዘው ኖሮ በሰሐኗ ነበር፤ ከሰሐኗ ደግሞ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም።» ውባለም ወደ ግራው ግድግዳ ሄዳ የደረቁትን ትንንሽ አሻራዎች በመዳፏ አሻሸቻቸው። «ልጆቹ እስከ ሰኞ ድረስ በእጃቸው ይለጥፉ ነበር። እጃቸው ሲጨማለቅ የከረመ ነው፤ ማንም አልከለከላቸውም። ማክሰኞ ግን ሙጫ አትንኩ ተባሉ። ዳግማዊት፣ ማክሰኞ ምን አዲስ ነገር መጣ?»

ዳግማዊት ብዙ ጊዜ አልፈጀችም። ለሁለት ቀን ያነቃት ነገር አሁን ሲወጣ የተገላገለች ትመስል ነበር።

«ከአርብ ገበያ መርዝ ገዝቼ መጣሁ። መምህር ስለከለከሉኝ አልተናገርኩም። አይጡ ማማውን ከበላ ከሙጫው ጋር ይብላው ብዬ ከዱቄቱ ቀላቀልኩት። ሕፃን ጣቱን ቢልስስ ብዬ ልጆቹን ከለከልኩ። ትልቅ ሰው ሙጫ ይበላል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ለምን ከዱቄቱ ጋር? ግድግዳው ሥር ማስቀመጥ አይበቃም ነበር?»

«ዱቄቱንም ይጨርስብን ነበር። ከእናቴ ቤት ባመጣሁ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አይጡ ነው ብዬ...»

ውባለም ባልዲውን ወደ እሷ ገፋችው። መናገሩ ከብዷት ነበር፣ ቢሆንም መናገር ነበረባት።

«ክዳኑ ጠብቆ የሚገጥም ነው፤ አይጥ በልቶ መልሶ አይገጥመውም። ዱቄቱን ሲበላ የከረመው ጋሽ ጌጡ ነው።»

ዳግማዊት አልጮኸችም። ወንበሯ ላይ እንዳለች ወደፊት ታጥፋ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዝም ብላ ወለላን ማሳሰሯ ከመርዙ እንደማያንስ ውባለም በዝግታ ነገረቻት፤ እሷም አውቃለሁ አለች። ሳጅን ካሣሁን ወለላን ይቅርታ መጠየቅ ሞክሮ ቃሉ ስላልመጣለት በሩን ብቻ ከፈተላት።

በከተማችን እስረኛን የሚያበላው ዘመዱ ነው። የዳግማዊት ዘመዶች አርብ ገበያ ናቸው፤ ወሬው ገና አልደረሳቸውም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን አንዲት ሴት ሰሐን በጨርቅ ሸፍና ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ወለላ ነበረች። ልጇን አዝላ ነው የመጣችው፣ ሕፃኗም እናቷ እንደገና እንዳትሄድባት የፈራች ይመስል ነጠላዋን ጨብጣለች። ውባለም ራሷ አስገባቻትና በሩ አጠገብ ቀረች።

ዳግማዊት ቀና ብላ ስታያት ግድግዳው ውስጥ መግባት የፈለገች ያህል ወደ ኋላ ተጠጋች።

«አልራበኝም» አለች። «ደግሞም ጾም ላይ ነኝ።»

ወለላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጨርቁን ገለጠች፣ እንጀራውን ቆረሰች፣ በሽሮ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ዳግማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወለላ እጇን አልመለሰችም። ክንዷ ሲዝል በሌላ እጇ ደገፈችው።

«በሞቴ» አለቻት።