የበኃይሉ ወገብና ጠያቂዎቹ

በኃይሉ ከጅጅጋ ወደ ሸደር የውሃ ቦቴ የሚነዳ ሰው ነው። ወገቡን የያዘው ሰሞን ሚስቱን እሌኒን ያስጨነቃት ሕመሙ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠያቂዎቹ ባሱባት።

የታመመን መጠየቅ ደግ ልማድ ነው፣ ማን ይጠላል! ግን የሥራ ባልደረቦቹ ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ገብተው ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡ እስከ መግሪብ ሶላት አይነሱም። በሽተኛውም እንደ ቀስት ጎብጦ አብሯቸው ይውላል፤ ሲሄዱ ለመነሳት ግድግዳ ይቧጥጣል። በዚያ ላይ ሁሉም መድኃኒት አዋቂ ነው። አንዱ "የጅብ ሞራ ተቀባ" ይላል፤ ባሺር ደግሞ "ዝም ብለህ ተኛ፣ ንቅንቅ እንዳትል!" እያለ ይምላል።

ሐኪም አላየውም እንዳትሉ። አይቶት፣ የከፋ ነገር እንደሌለው ነግሮት፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ፊዚዮቴራፒ ልኮታል። ባለሙያዋ ሀምዲ አራት እንቅስቃሴዎች አሳይታ ሥዕላቸውን በወረቀት ሰጠችው።

"ጋሼ፣ ብዙ መተኛት ወገብዎን ያደርቀዋል። ጠዋትና ማታ ይሥሩ፣ ይራመዱ። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ" አለችው።

ወረቀቱን ምን ቢያደርገው ጥሩ ነው? ግድግዳ ላይ ለጠፈው! እንደ ካላንደር እያየው ይተኛል።

"በዚህ ዕድሜዬ ተንጋልዬ ዳሌዬን ላንሳ? ግቢው ሁሉ እያየኝ?"

"ስታቃስትስ ግቢው አይሰማም?" አለችው እሌኒ።

"የታመመ ነገር ያርፋል። ቦቴውም ሲበላሽ ጋራዥ ይቆማል።"

"ማንም ሳይነካው፣ ቆሞ ብቻ የዳነ መኪና አይተሃል?"

በኃይሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ ከድርጅቱ ተደወለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመለሰ ሌላ ሾፌር ይቀጠራል። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። እሌኒ ስልኩን ዘግታ አላለቀሰችም፤ ጠያቂዎቹ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመች።

"ጫታችሁን እዚህ አስቀምጡ። ዛሬ መጠየቅ የፈለገ፣ ከእሱ ጋር እንቅስቃሴውን ይሠራል።"

"ወላሂ እሌኒ፣ አንቺ ቀልደኛ ነሽ!" አለ ባሺር።

"የምን ቀልድ? ስንት ዓመት መሪ ላይ ተጣብቃችሁ የእናንተ ወገብ ብረት ነው? በሉ ተኙ!"

አንዱ ስልክ የተደወለለት መስሎ ውልቅ አለ። ሌላው ባልደረባ ኸሊል እየሳቀ ተጋደመ። ባሺር እየተከራከረ ተንጋለለ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ዳሌውን ገና ከምንጣፉ ሲያነሳ "ዋይ!" ብሎ ጮኸ።

በኃይሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። "እንደሱ አይደለም! ትንፋሽህን አትያዝ፣ ቀስ በል" ብሎ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀለና አጠገቡ ተንጋሎ ያሳየው ጀመር። ለብቻው ያሳፈረው ነገር ለሦስት ሲሆን ጨዋታ ሆነ።

ጎረቤታቸው ኤብላ በበሩ አጮልቃ "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?" ብትል፣ እሌኒ "ሕክምና ላይ ናቸው" አለቻት።

ወዲያው ዳነ ብል ውሸት ይሆናል። በአራተኛው ቀን ብሶበት "አላልኩሽም?" ብሎ ተኮሳተረ፤ ሀምዲ ብዛቱን ቀንሳለት ቀጠለ። በወሩ መጨረሻ ወገቡ ጨርሶ ባይተወውም ቦቴው ላይ ወጣ። አሁን መንገድ መሃል ቆም ብሎ ይወርዳል፣ ጥቂት ተራምዶ ይቀጥላል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሐኪም ያዘዘውን እንቅስቃሴ እንደ ክኒን ቁጠሩት፤ ሳይውጡት አያድንም። በሽተኛ ስትጠይቁም ወይ አግዙት፣ ወይ ቶሎ ተነሱለት።

ባለፈው ሳምንት ባሺር ጫት ሳይሆን ምንጣፍ በብብቱ ይዞ መጣና፣ የእሱም ሚስት ወገቧን እንደሚያማት ተናግሮ ያንን የተጨማደደ ወረቀት ለመነ።

"ውሰደው" አለችው እሌኒ፣ "ግን ግድግዳ ላይ ለጥፈኸው ባገኝ፣ ወዮልህ!"