የተዘለለችው መስመር

ተርጓሚዋ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም መስመር ዘላ አታውቅም። የፍቺ ውሳኔ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የልደት ወረቀት፣ ሁሉንም ፊቷ ሳይለወጥ ትተረጉመዋለች። ከዚያ ወረቀቱ ከፊት ለፊቷ ወደሚቀመጠው አራሚ ይሄዳል። የቢሮው ሰው «ቀይ እስክሪብቶ» ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው አለቃቸው ብቻ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ የእሷን ወረቀት ሲያርም ከስህተቱ በፊት ድካሟን ያያል። ዓረፍተ ነገሮቿ ካጠሩ እናቷ ሲያቃስቱ አድረዋል ማለት ነው።

«ዛሬ ቃላቱ ራሳቸው እንቅልፍ አጥተዋል» ይላታል።

«እስቲ አስተኛልኝ» ትለዋለች።

ፍቅራቸው ይህችው ናት፤ ከዚህ አልፋ አታውቅም። የአልጋ ቁራኛ እናት ያሏት ሴት ምን ብላ ሰው ትጠጋለች?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የራሱን ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ባሕር ማዶ ሥራ ሊጠይቅ ነው።

«የራሴን መተርጎም አይፈቀድልኝም» አለ አቀርቅሮ። «ካንቺ ሌላ የማምነው ደግሞ የለም።»

«ምነው በድንገት?»

«አትሂድ የሚለኝ አጣሁ።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ነገ ይደርስልሃል» አለችው።

ማታውኑ ተረጎመችው። ታጋሽ ነው፣ ታማኝ ነው ይላል ወረቀቱ። ለዚህስ መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ።

«አንድ መስመር ጎድላለች።»

«አይሆንም! ሁለቴ ነው ያነበብኩት።»

ጣቱን ዋናው ላይ አሳረፈ። «እዚህ የሚያቆየኝ ነገር ስለሌለ በማንኛውም ጊዜ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ» ይላል። ትርጉሙ ላይ ደጋግማ ፈለገቻት፤ የለችም። ፊቷ ቀላ።

«እውነቴን ነው፣ አላየኋትም። ደክሞኝ ይሆናል። አምጣው፣ ላስተካክለው።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ደክሞሻል። ዘለሽ ግን አታውቂም።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ያወጣው ድካም ነው።

«እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች። «ቤቴ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። እኔም እንደምታየኝ ነኝ፣ አልቄያለሁ። ግን አትሂድ።»

እስክሪብቶውን አወጣ። ትርጉሙን አልነካውም። ዋናው ላይ ያለችውን መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር ሰረዛት።

«ያንቺው ልክ ነው» አለ። «ስህተቱ የኔ ነበር።»

ከዚያ ቦርሳዋን አነሳላት።

«በይ ተነሺ፤ የእናታችን የመድኃኒት ሰዓት እንዳያልፍ።»